ጋቢ የለበሰው ራዲዮ

ሰኔ 19 ቀን 1980፣ ነቀምቴ

ለዚህ ቤት ሰፊ ሕዝብ፣ ማለትም ለእኔና ለባለቤቴ ለዘርፈሽ፣ በጥልቅ ኀዘን የሚገለጽ፦

በጓዳው ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ቤተሰቡን በታማኝነት ሲያገለግል የኖረው የአምፖል ራዲዮ ትናንት ማታ፣ አንድ ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል፣ በድንገት አርፏል። ራት ስንቆርስ ማንም ሳይነካው በገዛ ፈቃዱ ተነሥቷል። ሮጬ ቁልፉን እስክዘጋው ድረስም ቤቱን በጩኸት አናውጦታል። ያረፈበትም የተነሣበትም ምክንያት በመጣራት ላይ ነው።

እንዲህ መጻፍ የእንጀራዬ አመል ነው። በመሥሪያ ቤታችን ማስታወቂያ የማረቅቀው እኔ ነኝ፤ የውኃ መቋረጥ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የጠፋ ማኅተም፣ ትናንት በስሕተት የተነገረ ነገር እርማት። ሰው ዕድሜውን ሙሉ «ይገለጻል» እያለ ኖሮ ቤቱ ሲገባ «ፈራሁ» ብሎ ልጻፍ ቢል እጁ እሺ አይለውም።

ሰኔ 22

ፊውዝ ቀየርኩ። ሠራ። ዘርፈሽ «አየህ አባ ደረሳ፣ ቀላል ነገር ነበር» አለች። ማታ ሞተ። ቀላል ነገር አልነበረም።

ሰኔ 26

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ደግሞ ሞተ፤ በዚያችው ሰዓት።

ይህን ደብተር የሚያነብ ጓድ ካለ አንድ ነገር ይረጋገጥለት። በዚህ ቤት የሚሰማው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው፤ እሱም የአገሪቱ። መርፌው ወደ መስታወቱ ቀኝ ጫፍ ሄዶ፣ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው የሚገኘውን ጣቢያ እኔ አላዳምጥም። ያ ጣቢያ ቅዳሜ ማታ በሰሜን የተማረኩ ወታደሮችን ስም እንደሚያነብም አላውቅም። ያልነገረኝም ከኡኬ የመጣ አንድ የበቆሎ ነጋዴ ነው። የልጁን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ሰምቶ፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ እንዳላለቀሰ አልነገረኝም።

ደረሳ ልጃችን ነው። ሌላ የለንም። ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ የሸኘነው በሰልፍና በሙዚቃ ነው፤ የሰልፉን ማስታወቂያ ያረቀቅሁትም እኔ ነኝ። «ወጣቶቻችንን በደስታ እንሸኛለን» ይላል። «በደስታ» የሚለውን አለቃዬ አላስገባውም፣ ራሴ ነኝ የጨመርኩት፤ ዓረፍተ ነገሩ አጥሮብኝ።

የመጨረሻ ደብዳቤው በጥር መጣ። «ብርድ ነው፣ ካልሲ ላኩልኝ» ይላል። ዘርፈሽ ራሷ የሠራችውን የሱፍ ካልሲ ላክን። ካልሲው በሚያዝያ ከነማሸጊያው ተመለሰ። ማኅተም አለበት፤ ማብራሪያ የለበትም። በመጋቢት በሰሜን ብዙ ሰው አለቀ፣ ብዙ ሰውም ተማረከ ይባላል። የአገሪቱ ጣቢያ ስለዚህ ነገር የሚለው የለውም፤ ስለ ቡና ምርት ግን ብዙ ይላል።

«መርዶ ካልመጣ አለ ማለት ነው» ትላለች ዘርፈሽ። የእኔ አስተያየት፦ አስተያየት የለኝም።

ከግድግዳው ማዶ የሚኖረው የቀበሌያችን ሹም ጓድ እሸቱ ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሲያስነጥስ «ይማርህ» ልንል ምንም አይቀረንም። ስለዚህ ለአገሪቱ ጣቢያ ካለን ክብር የተነሣ ራዲዮውን ጋቢ እናለብሰዋለን። የእኔም ራስ አብሮ ይለብሳል። በጋቢው ውስጥ ቦታ ያለው ለአንድ ራስ ብቻ ስለሆነ ዘርፈሽ ደጃፍ ቆማ መንገዱን ትጠብቃለች።

ሐምሌ 1

ራዲዮውን በጆንያ ጠቅልዬ ፈድሉ ዘንድ ወሰድኩ። ፈድሉ የገበያው ዳር ባለሱቅ ነው፤ ከፊት ለፊት ስኳርና ሳሙና ይሸጣል፣ ከጓሮ ራዲዮ ያክማል። አገሩ ጉራጌ ነው፤ በኦሮምኛ ከእኔ ይበልጥ ይከራከራል።

«አከም ቡልተኒ ኦቦ ጨመዳ! እንዴት አደርክ? ይኼ ደግሞ ማነው ተጠቅልሎ የመጣው? ሬሳ ነው በሽተኛ?»

«እሱን እንድትነግረኝ ነው የመጣሁት።»

ሐምሌ 6

ፈድሉ እንዲህ አለ፦ «ከጠዋት እስከ ማታ ሳላጠፋው አዋልኩት። ዜና አወራ፣ ዘፈነ፣ የማሽላ አዘራር አስተማረ። አንዴም ዝም አላለም። ለማሳረፍ የለመንኩት እኔ ነኝ።»

«እኛ ቤት ግን ይሞታል።»

«እንግዲያው በሽታው የቤት ነው። የት ነው የምታስቀምጡት?»

«ጠረጴዛ ላይ።»

«ምን ለብሶ?»

አንዲት ሴት ኩርማን ኪሎ ስኳር ጠየቀች፤ መዘነላት፣ ሄደች።

«ዳንቴል» አልኩ።

«ዳንቴል ብቻ?»

«ዳንቴል ብቻ።»

ፈድሉ ወደ ጣሪያው አየ። «አላህ ያውቃል ኦቦ ጨመዳ፣ በዚህ ክረምት የስንቱ ቤት ራዲዮ ዳንቴል ከብዶታል። ሰባተኛው በሽተኛዬ ነህ። ሁላችሁም ቅዳሜ ማታ ነው የሚያማችሁ።»

ሐምሌ 10

ትናንት ጥቂት ስም ሰማሁ። የሐረርጌ ልጅ፣ የጎጃም ልጅ፣ የኢሉባቦር ልጅ። ወደ እኛ እየቀረበ ነው ብዬ ትንፋሼን ስይዝ ሞተ። ማለቴ፣ የአገሪቱ ጣቢያ ነው የሞተው። ምንም ስም አልሰማሁም።

ዘርፈሽ ከደጃፍ ገብታ ፊቴን አየች። ወጥ አማሰለች።

አንቴናውን ቀየርኩ። ስፒናውን ቀየርኩ። አምፖሎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ በነጠላ ጫፍ ወለወልኩ። ራሴን መቀየር ብቻ ነው የቀረኝ፤ መለዋወጫው ገበያ ላይ የለም።

ሐምሌ 17

ትናንት ልንጠፋ ነበር።

ራዲዮው እንደ ልማዱ መሐል ላይ ዝም አለ። ገና ጋቢውን እንደገፈፍኩ በሩ ተንኳኳ፤ ጓድ እሸቱ። ስለ ነገው የጽዳት ዘመቻ ሊናገር ነው። ሻይ ቀረበለት፣ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ የራዲዮውን ቁልፍ አልዘጋሁትም። ስለ ቦይ ጠረጋ ሲያስረዳን ሬሳው ተነሣ። በጋቢ ውስጥ ለሹክሹክታ የተመጠነ ድምፅ በገላጣ ሲሰማ የሰልፍ ማይክሮፎን ነው። ያገሬ ያልሆነ የጦር ዘፈን ቤቱን ሞላው።

ዘርፈሽ የያዘችው ትሪ ከነብርጭቆው ወለል ላይ ተከሰከሰ። በትዳር ዘመናችን ትሪ ጥላ አታውቅም። እሷ «ዋቀዮ! ዋቀዮ!» እያለች አምላኳን ስትጠራ እኔ ቁልፉ ላይ ወደቅሁበት።

ጓድ እሸቱ ሱሪው ላይ የፈሰሰውን ሻይ አራገፈ። «ምን ነበር ጓድ ጨመዳ?»

«ራዲዮው ታሟል ጓድ። ሲያቃዠው ነው።»

«ሲያቃዠው በምን ቋንቋ ነው የሚናገረው?»

«እሱን እያጣራን ነው።»

አልሳቀም። «ቦዩን አትርሱ» ብሎ ወጣ። ሌሊቱን የጫማ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ለመታሰር ልብሴን በልቤ ለበስኩ። ማንም አልመጣም። ያለመምጣታቸው ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነው፤ ምን እየጠበቁ ነው?

ሐምሌ 24

በሽታው ተገኘ።

ትናንት ራዲዮው ሲያርፍ ጋቢውን ብገፍፈው በእንፋሎት የተቀቀለ ያህል ይፋጃል። የራዲዮው ጀርባ እጅ አያስነካም። ውስጡ አንዲት የላላች ብየዳ አለች፤ አምፖሎቹ ሲግሉ ትለቃለች፣ ሲበርዱ መልሳ ትይዛለች። ፈድሉ ዘንድ በገላጣ ስለሚውል አይታመምም። የሚያፍነው ጋቢው ነው። ጋቢውን የሚያለብሰው ፍርሃት ነው። ፍርሃቱን የሚያለብሰው ማን እንደሆነ በዚህ ደብተር አይጻፍም።

ባጭሩ፦ ራዲዮው እንዳይሰማ ስናደርገው ለእኛም አልሰማ አለ። ይህን ለአለቃዬ መፈክር አድርጌ ባቀርብለት አደባባይ ላይ ይሰቅለው ነበር። መፈክሩን ወይም እኔን።

ብየዳዋን ፈድሉ ፈልጎ አጣት። በገላጣ አትታይም። «በጋቢ ውስጥ ሆነህ ፈልጋት» ልለው አልችልም።

ነሐሴ 1

ትናንት በነጠላ ሸፈንኩት። በስስ ነጠላ። እስከ መጨረሻው ሠራ! ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ስም እስከ መዝጊያው ሙዚቃ አላዳመጥኩም። ደረሳ የለበትም። ቢሆንም ደስ አለኝ። ሙሉ ነገር ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

«የለም?» አለች ዘርፈሽ።

«የለም። ግን ገና ብዙ አለ፤ ቅዳሜ ይቀጥላል።»

ነሐሴ 2

ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ጓድ እሸቱ አጥር ላይ ተደግፎ ሰማዩን ያያል።

«ጓድ ጨመዳ፣ ቅዳሜ ማታ ሳይዘንብ አመሸ አይደል?»

«አዎ ጓድ።»

«ዝናብ ያለ ቀን ጥሩ ነው። ቆርቆሮው ሲጮኽ፣ በመንገድ የሚያልፍ ዘብ ከሰው ቤት ምንም አይሰማም።»

ይኸው ነው ያለው። ቢሮ ደርሼ ማስታወቂያ ሳረቅቅ «ውኃ» የሚለውን «ዘብ» ብዬ ጻፍኩ። አውቆብናል። ማስጠንቀቂያ ነው። ከእንግዲህ ነጠላ አይሆንም፤ ጋቢ፣ በላዩም ብርድ ልብስ።

«ታዲያ ይሞታል ብለሃል» አለች ዘርፈሽ።

«ይሙት። እኛ እንኑር።»

ይህን እንዴት አልኩት?

ነሐሴ 7

ቅዳሜ። ከባድ ዝናብ። ደረሳ ጨመዳ። ተነበበ። በሕይወት አለ።

ነሐሴ 8

ትናንት በችኮላ ስለጻፍኩት ዛሬ በወጉ ልመዝግበው።

ጋቢውና ብርድ ልብሱ ነበሩ። ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚራገፍ ይመስል ነበር፤ ዘርፈሽ ከደጃፍ ብትጣራ እንኳ አልሰማትም። ከወለጋ ልጆች ስም ተነበበ። የኑኑ ቁምባ ልጅ። የአኖ ልጅ። ቀጥሎ ደረሳ ጨመዳ። ከዚያ ራዲዮው በሙቀት ምክንያት ተቋረጠ።

ከጋቢው ስወጣ እንደ ገንፎ ላብ አልቦኝ ነበር። ዘርፈሽ ከነዝናቧ ቆማለች።

«ዱጋ?» አለች። እውነት? ማለቷ ነው። ገና ምንም ሳልናገር ነው እውነት ነወይ ያለችኝ።

«ዱጋ» አልኩ።

«ከነአባቱ?»

«ከነአባቱ።»

ወለሉ ላይ ተንበረከከች። የጸሎት ቤታችን የቀበሌ አዳራሽ ከሆነ ወዲህ መዝሙር በከንፈር ብቻ ነው የምንዘምረው፤ ትናንት ግን ድምፅ አወጣች። «ኢልመ ኮ፣ ኢልመ ኮ» ትላለች በመሐሉ። ልጄ፣ ልጄ። ዝናቡ ሸፈናት። ያንን ሁሉ መዝሙር ዝናቡ ሸፈነው፤ አንድም ቃል ወደ መንገድ አልወጣም።

ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። በዚያ ዝናብ ጋቢ ምን ይሠራል?

ነሐሴ 11

ዓባይነሽ መጣች። በታችኛው ሰፈር ጠላ ትሸጣለች፤ ልጇ መገርሳ ከደረሳ ጋር በአንድ መኪና ነው የተጫነው። ዘርፈሽ አንድ ቃል እንዳታወጣ ነግሬያት ነበር፤ አላወጣችም። ቤቷን ግን ለቅልቃ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ውኃ ቀድታ ተመለሰች። በዚህ ሰፈር ከዚያ በላይ ማስታወቂያ የለም።

«ኦቦ ጨመዳ፣ የእኔስ ልጅ? ከደረሳ ቀጥሎ ማን ተነበበ?»

«ከደረሳ በኋላ ራዲዮው ተበላሸ፣ አዴ ዓባይነሽ።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው።»

መሬት መሬት አየች። «ለእናንተ ሲሆን እስከ አባቱ ስም ድረስ ታገሠ። ለእኔ ሲሆን ሞተ። ዕድሌ ነው።» ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ዘርፈሽ እስከ በር ሸኘቻት። ስትመለስ ዓይኔን አላየችም፤ ወይም እኔ ነኝ የእሷን ያላየሁት። ይጣራል።

ነሐሴ 14

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ዝርዝሩን አንዳንዴ ይደግሙታል ይባላል። ዘንቧል። ያለ ጋቢ፣ በገላጣ ልሰማ ወሰንኩ። ራዲዮውን ስከፍት ዘርፈሽ መጥታ እጇን በእጄ ላይ አደረገች።

«ሰምተናል አይደል አባ ደረሳ?»

«ለዓባይነሽ ብዬ ነው። መገርሳ…»

«ሰምተናል አይደል?»

«ሰምተናል።»

«እንግዲያው ተወው።»

ምን ልበላት? እንደገና መስማት አለብኝ ለማለት፣ ለምን እንደሆነ መናገር አለብኝ። መርፌውን ወደ አገሪቱ ጣቢያ መለስኩት። ስለ ቡና ምርት በጥሩ ጤንነት አወራ፤ አንዴም አልሞተም።

ነሐሴ 19

ምንም። ዝናብ።

ሁሌ ማታ ያችን ደቂቃ እደግማታለሁ። እጄን ከፍ አድርጌ ጋቢውን እገፍፋለሁ፣ ብየዳዋ ትበርዳለች፣ አንባቢው ይቀጥላል። የምፈልገው አንድ ቃል ነው። አንድ ቃል! በቀን ሁለት መቶ ቃል የማረቅቅ ሰው።

ነሐሴ 23

ጓድ እሸቱ ከቢሮ ስመለስ መንገድ ላይ ጠብቆ ያዘኝ። አብሮኝ ሄደ። ጭቃ ስለነበር ሁለታችንም ወደ እግራችን እያየን ነበር፤ ለንግግሩ ይመች ነበር።

«ስለ ደረሳ ደስ ብሎኛል፣ ጋሽ ጨመዳ።»

ከአብዮቱ ወዲህ «ጋሽ» ብሎኝ አያውቅም። «ማን ነገረዎት ጓድ?»

«ራዲዮዎ ፊቱን ለእናንተ ነው የሰጠው፤ ጀርባው የእኔ ግድግዳ ላይ ነው። ጋቢው በእናንተ በኩል ነው ያለው።» ትንሽ ሄድን። «ቅዳሜ ቅዳሜ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ እቆማለሁ። የእህቴ ልጅ ማዘንጊያ እዚያው ሰሜን ነው፤ እኔ ነኝ ያሳደግሁት። የእኔን ራዲዮ ወደዚያ እንዳላዞር ቤቴ ዘብ ሲገባ ሲወጣ ነው የሚያመሸው። ዝናቡን የነገርኩዎት እኮ ራዲዮው እንዳይታፈን ጋቢውን እንዲያነሡልኝ ነበር።»

ቆምኩ። እሱም ቆመ።

«ያን ቀን እስከ ‹ደረሳ› ሰማሁ» አለ። «ከዚያ ዝም አለ። የአባቱን ስም እኔ አልሰማሁም። እርስዎ ሰምተዋል?»

አንድ ጭነት መኪና ወደ ጊምቢ አቅጣጫ አለፈ፤ ጭቃው ሁለታችንንም እኩል ረጨን።

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

ፊቴን ረጅም ጊዜ አየው። ደረሳ የሚባል ልጅ በወለጋ ስንት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ የምልመላውን መዝገብ ያየው እሱ ነው።

«እንግዲያው እኔም ሰምቻለሁ» አለ። «ቢጠይቁኝ፣ ከነአባቱ።»

ነሐሴ 27

ዘርፈሽ ከሣጥን ውስጥ ያን የተመለሰ ጥቅል አወጣች። ማኅተሙን በቢላ ቀደደችው፣ ካልሲውን አወጣች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ «አድርገው፤ ብርድ ነው» አለችኝ።

«የደረሳ ነው እኮ።»

«አድርገው።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ደስታ ይሆናል። እናት ልጇ በሕይወት እንዳለ ካወቀች ሌላ ትሠራለታለች፤ ሱፍም አይጠፋም። ሌላ ሱፍ ግን አልገዛችም። አደረግሁት። ልኬ ነው።

ጳጉሜን 2 ቀን 1980

እርማት

ከዚህ ቀደም በዚህ ደብተር በወጡት መግለጫዎች ላይ ጥቂት ስሕተቶች መፈጸማቸው ስለተደረሰበት እንደሚከተለው ታርመዋል።

በሐምሌ 17 መግለጫ ራዲዮው ታሟል የተባለው ትክክል አይደለም። ራዲዮው ጤነኛ ነው። የታመመው የጋቢው ባለቤት ነው።

በነሐሴ 7 እና በነሐሴ 8 ማስታወሻዎች ላይ «ደረሳ ጨመዳ» ተብሎ የሰፈረው «ደረሳ» ተብሎ ይነበብ።

ግልባጭ፦ ለዘርፈሽ አይደረግም።